ያረገዘች እንስሳ ጭንቀት በውላጇ ጠባይ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

በአንድ በረት ውስጥ ከአንድ ኮርማ የተወለዱ፣ አንድ ዓይነት መኖ የሚመገቡና በአንድ ጠባቂ የሚጠበቁ ጊደሮች በጠባያቸው ፍጹም ተለያይተው ይገኛሉ። አንዷ ሰው ሲቀርባት ረግታ ትቆማለች፤ ሌላዋ በጥላዋ ትደነብራለች፣ ስትታሰር ትራገጣለች፣ የክትባት ቀን ሲደርስ መንጋውን ሁሉ ታሸብራለች። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ለዘር ይሰጣል፤ «እናቷም እንዲሁ ነበረች» ይባልና እንስሳዋ ለሽያጭ ወይም ለእርድ ትመደባለች። ዘር በጠባይ ላይ የራሱ ድርሻ እንዳለው የተረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ ከስድሳ ዓመታት በላይ የተካሄዱ ጥናቶች በዘርና በአስተዳደግ መካከል የሚገኝ ሌላ ምክንያት አሳይተዋል፤ ይኸውም ጽንሱ በማሕፀን ሳለ እናቱ ያሳለፈችው ጭንቀት ነው። ይህ ምክንያት ከዘር የሚለየው በአብዛኛው በእንስሳት አርቢው እጅ ያለ በመሆኑ ነው።

«የቅድመ ወሊድ ጭንቀት» ሲባል ያረገዘች እንስሳ የሰውነቷን ሚዛን የሚያናጋ ማንኛውም ጫና ማለት ነው። ረኀብና ጥም፣ ከባድ ሙቀት፣ ረጅም ጉዞ፣ ዱላና ጩኸት፣ ከለመደችው መንጋ መነጠል፣ ከማታውቃቸው እንስሳት ጋር መደባለቅ፣ የአውሬ ፍርሃት ሁሉም በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ጉዳዩ በአይጥ፣ በዝንጀሮ፣ በከብት፣ በበግ፣ በአሳማ፣ በዶሮ፣ በዱር ጥንቸልና በነፍሳት ጭምር ተጠንቷል። በብዙዎቹ ዘንድ ተደጋግሞ የሚታየው ውጤት ውላጁ ፈሪ መሆኑ፣ አዲስ ነገር ሲገጥመው ቶሎ መደንገጡና ከድንጋጤው ለመመለስ ረጅም ጊዜ መውሰዱ ነው።

እናት በእርግዝናዋ ወቅት ያየችውና የሰማችው ነገር ወደ ልጇ ይተላለፋል የሚለው እምነት በራሱ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ በበጎቹ ፊት የተላጡ በትሮችን አቁሞ ዝንጉርጉር ግልገሎች እንዳገኘ የሚተርከው ታሪክ በአርቢዎች ዘንድ በሚገባ ይታወቃል። የዛሬው የዘር ሳይንስ የፀጉር ቀለም በእናት ዓይን ሳይሆን ከወላጆች በሚወረሱ ጂኖች እንደሚወሰን ያስረዳል። ፍርሃትን በተመለከተ ግን መልሱ የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። እናት ያየችው ነገር የልጇን ቀለም አይለውጥም፤ እናት የፈራችው ነገር ግን የልጇን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል።

ጭንቀቱ ወደ ጽንሱ የሚደርስበት መንገድ

አንዲት እንስሳ የሚያስፈራት ወይም ከአቅሟ በላይ የሆነ ነገር ሲገጥማት ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከሥሩ ለሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪም ከኩላሊት በላይ ለተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል። አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቅቃሉ፤ በአይጥና በዶሮ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ኮርቲኮስቴሮን የተባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ሆርሞኑ በሰውነት የተከማቸውን ስኳርና ስብ አንቀሳቅሶ እንስሳዋ እንድትሸሽ ወይም እንድትቋቋም ኃይል ይሰጣታል። አደጋው ሲያልፍ ሆርሞኑ ራሱ ወደ አንጎል ተመልሶ፣ በተለይ ሂፖካምፐስ በተባለው ክፍል ከሚገኙ ተቀባዮች ጋር ተገናኝቶ፣ መልእክቱ እንዲቆም ያደርጋል። ይህ ልጓም ነው። ጤናማ እንስሳ የምትታወቀው ባለመደንገጧ ሳይሆን ልጓሙ በጊዜው በመያዙ ነው።

በእናትና በጽንስ መካከል የእንግዴ ልጁ በር ጠባቂ ሆኖ ቆሟል። በውስጡ የሚገኝ አንድ ኢንዛይም ከእናት ደም የሚመጣውን ኮርቲሶል ኃይል ወደሌለው ኮርቲሶን ይለውጠዋል፤ በመሆኑም ጽንሱ ከእናቱ ሆርሞን አብዛኛው አይደርሰውም። ጥበቃው ግን ፍጹም አይደለም። የእናት ኮርቲሶል እጅግ ሲበዛ የተወሰነው ያልፋል፤ በአይጦች እንደታየውም ጭንቀቱ ሲደጋገም ኢንዛይሙ ራሱ ይዳከማል። ከዚህም ሌላ በድንጋጤ ጊዜ የሚለቀቁት አድሬናሊንና መሰሎቹ ወደ ማሕፀን የሚሄዱትን የደም ሥሮች ስለሚያጠቡ ለጽንሱ የሚደርሰው ኦክስጅንና ምግብ ይቀንሳል።

ኮርቲሶል በራሱ መርዝ ተደርጎ መታየት የለበትም። የበግ ጽንስ ሳንባ ለመተንፈስ የሚበቃው፣ ምጥም የሚጀምረው፣ ጽንሱ በእርግዝናው መጨረሻ ራሱ በሚያመነጨው ኮርቲሶል አማካይነት ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ሆርሞኑ ያለ ጊዜውና ያለ መጠኑ ሲመጣ ነው። በዚያን ጊዜ ገና እየተሠራ ያለው የጽንሱ አንጎል የሚጠብቀውን ዓለም አደገኛ አድርጎ ይገምታል ማለት ይቻላል፤ በሂፖካምፐስ የሚገኙት ተቀባዮች ቁጥር ያንሳል፣ ልጓሙ ይላላል፣ ከተወለደ በኋላ ትንሹ ድንጋጤ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

በአይጦች ላይ የተካሄዱ ሙከራዎች

ለጉዳዩ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1957 ዊልያም ቶምፕሰን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተመው ሙከራ ነው። ተመራማሪው ሴት አይጦችን አስቀድሞ፣ ማለትም ከማርገዛቸው በፊት፣ አንድ ድምፅ ሲሰሙ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚከተል አስተማራቸው፤ አይጦቹም ድምፁን እንደሰሙ በር ከፍተው ወደ ሌላኛው ክፍል ማምለጥን ለመዱ። ካረገዙ በኋላ ድምፁ ብቻ ይሰማቸው ጀመር፤ ንዝረቱ ቀርቷል፣ በሩ ግን ተዘግቷል። የሙከራው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። በእናቶቹ አካል ላይ ያረፈ ምንም ጉዳት የለም፤ የነበረው የማይመጣውን ንዝረት መጠበቅና የማምለጫው በር ተዘግቶ መቆየት ብቻ ነው። ሆኖም የተወለዱት ልጆች ሰፊና ገላጣ ሜዳ ላይ ሲቀመጡ ከማነጻጸሪያው ቡድን ያነሰ ተንቀሳቀሱ፤ ከጎጇቸው ወጥተው ወደ ምግብ ለመሄድም ዘገዩ። ልዩነቱ ባደጉም ጊዜ አልጠፋም ነበር።

ቶምፕሰን ሊነሳ የሚችለውን ጥያቄ አስቀድሞ አስቦበታል። የተጨነቀች እናት ከወለደች በኋላም ልጆቿን በተለየ መንገድ ልትንከባከብ ስለምትችል ለውጡ የመጣው ከማሕፀን ነው ወይስ ከአስተዳደግ የሚለውን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህም ከተወለዱት አንዳንዶቹ ለሌላኛው ቡድን እናቶች በማደጎ እንዲሰጡ አድርጓል። ይህ ዘዴ ከዚያ ወዲህ በዘርፉ የማይታለፍ ደንብ ሆኗል፤ ያለ ማደጎ የተካሄደ ጥናት ስለ ማሕፀን የሚናገረው በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

ቀጥሎ የተነሳው ጥያቄ መልእክቱን የሚያደርሰው ምንድን ነው የሚል ነበር። በፈረንሳይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ሥራ መልሱን ግልጽ አደረገው። እናቶቹ አድሬናል ዕጢያቸው ወጥቶ በምትኩ መጠኑ የማይለዋወጥ ኮርቲኮስቴሮን እየተሰጣቸው ሲጨነቁ በልጆቻቸው ላይ የተለመደው ለውጥ አልታየም፤ በጭንቀቱ ሰዓት የሚጨምረው ያህል ሆርሞን በመርፌ ሲሰጣቸው ግን ለውጡ ተመልሶ መጣ። ከዚህ የተነሳ የእናት ሆርሞን ከተላላኪዎቹ ዋነኛው መሆኑ ታወቀ።

የዚሁ ቡድን የቀደመ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው፣ ለአርቢ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በማሕፀን ሳሉ ለጭንቀት የተጋለጡ የአይጥ ልጆች እንደተወለዱ ለሌላ እናት ሲሰጡ፣ አዲሷ እናት ለማደጎ ልጆቿ ከወትሮው የበዛ እንክብካቤ አሳየች፤ ልጆቹም ሲያድጉ የሆርሞን ልጓማቸው እንደ ጤነኞቹ ሆኖ ተገኘ። በማሕፀን የተጻፈው ከልደት በኋላ ሊታረም ይችላል ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ባይሆንም፣ በሁሉም ጠባይ ላይ ባይሆንም።

ጾታና ጊዜም ውጤቱን ይለውጣሉ። ኢንገቦርግ ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመችው ጥናት በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሳምንት በጠባብ ቱቦ ውስጥ፣ በኃይለኛ ብርሃን ሥር እንዲቆዩ የተደረጉ አይጦች የወለዷቸው ወንዶች አድገው የወንድነት የመራባት ጠባያቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ምክንያቱም ከጊዜ በኋላ ታወቀ፤ የወንዱን አንጎል የሚቀርጸው የቴስቶስቴሮን ጭማሪ ጭንቀት በደረሰባቸው ጽንሶች ዘንድ ከትክክለኛው ቀን ቀድሞ ይመጣል። የአይጥ እርግዝና ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሆነ የአንድና የሁለት ቀን መዛነፍ እንኳ ዋጋ ያስከፍላል።

ከአይጥ ወደ ሌላ እንስሳ መሻገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአይጥ ልጅ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ አንጎሉ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ይወለዳል፤ ጥጃና ግልገል ግን በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ቆመው ይሄዳሉ። በአይጥ ከልደት በኋላ የሚጠናቀቀው የአንጎል ሥራ በከብትና በበግ የሚከናወነው በማሕፀን ውስጥ ነው። በዚህም ምክንያት ለቤት እንስሳት የእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን በሬሰስ ዝንጀሮዎች ላይም ጥናቶች ተካሂደዋል። ያረገዙ እናቶች በሳምንት አምስት ቀን፣ በየዕለቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ፣ ከቤታቸው ወጥተው ድንገተኛ ጩኸት እንዲሰሙ ተደረገ። ከእነርሱ የተወለዱት ትኩረታቸው የተበታተነ፣ እንቅስቃሴያቸው የዘገየ ሆኑ፤ በሂፖካምፐሳቸው ውስጥ የሚፈጠሩት አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳትም አንሰው ተገኙ።

በከብት፣ በበግና በሌሎች የቤት እንስሳት

በከብት ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ለኢትዮጵያ ሁኔታ ቅርብ የሆነው በቴክሳስ ብራህማን በተባሉ ላሞች ላይ የተካሄደው ነው። ብራህማን እንደ አብዛኞቹ አገር በቀል ከብቶቻችን ሻኛ ያለው የዜቡ ወገን ነው። ላሞቹ በእርግዝናቸው በ60ኛው፣ በ80ኛው፣ በ100ኛው፣ በ120ኛውና በ140ኛው ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል በተሽከርካሪ ተጭነው እንዲጓዙ ተደረገ፤ አምስት ጉዞ ብቻ፣ ያውም በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት ከእነዚህ ላሞች የተወለዱት ጥጆች ጡት እስኪጥሉ ድረስ ካልተጓዙት ላሞች ጥጆች ይልቅ ደንባራ ሆኑ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጥጃው ከመቆጣጠሪያ አጥሩ ሲለቀቅ በምን ፍጥነት እንደሚሸሽና ሰው በረት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ይታያል። በደማቸው ውስጥ የተገኘው ኮርቲሶልም ከፍ ያለ ነበር። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1997 በዚያው አካባቢ የታተመ ተመሳሳይ ጥናት እንዲህ ያሉ ጥጆች ኮርቲሶልን ከደማቸው ለማስወገድ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድባቸው አሳይቷል።

ደንባራ ከብት ለአርቢው የሚያስከትለው ኪሣራ ከእርግጫና ከወጊነት ያልፋል። እንዲህ ያለ እንስሳ ለሕክምናና ለማዳቀል ለመያዝ ያስቸግራል፣ ክብደት ለመጨመር ይዘገያል፣ ስትታለብም ድንጋጤዋ ወተቷን ያስቀርባታል፤ ሥጋውም ከእርድ በፊት በሚደርስበት መረበሽ ምክንያት ይጠቁራል፣ ይደርቃል። ከሁሉ በላይ አደጋው ለሚይዙት ሰዎች፣ በተለይም ለሕፃናት እረኞች ነው።

በበጎች ዘንድ ነገሩ ይበልጥ የሚታየው በመኖ እጥረት ነው። በስኮትላንድ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ያረገዙ በጎች ከሚያስፈልጋቸው መኖ 35 በመቶ ያህሉ ተቀነሰባቸው። ይህ ጽኑ ረኀብ ሊባል አይችልም፤ በበጋ መጨረሻ በብዙ አካባቢ ከሚታየው የመኖ እጥረት የሚከፋ አይደለም። የተወለዱት ግልገሎች ቀለል ያሉ ሆኑ። ዋናው ነገር ግን በእናቶቹ ላይ የታየው ነው፤ ግልገላቸውን የላሱበት ጊዜ አጠረ፣ እንደወለዱ ወደ መብል ለመመለስ ቸኮሉ፣ ግልገሉን የገፉና የወጉም በዙ። መላስ ግልገሉን ከማድረቅ በላይ እናትና ልጅ የሚተዋወቁበት ሥርዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያልታወቀ ግልገል ዘግይቶ ይጠባል፤ የከብት፣ የበግና የፍየል ልጅ ደግሞ በሽታ መከላከያውን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ሳይሆን ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ከእንገር የሚገኘውን መከላከያ የመምጠጥ አቅሙ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ አንድ ቀን ገደማ ሲሆነው ይዘጋል። በመሆኑም በእርግዝና የደረሰ ረኀብ በእናት ጠባይ በኩል አልፎ የግልገል ሞት ሊሆን ይችላል።

ሙቀትም እንዲሁ ነው። በፍሎሪዳ የወተት ላሞች ከመውለዳቸው በፊት በነጠፉባቸው የመጨረሻ ሳምንታት ማቀዝቀዣ ሲነፈጋቸው ጥጆቻቸው ጥቂት ቀናት ቀድመው፣ ክብደታቸው ቀንሶ ይወለዳሉ፤ እንገር በሚገባ ቢሰጣቸውም የሚመጡት መከላከያ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው እነዚህ ጥጆች አድገው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ በማሕፀን ሳሉ እናታቸው ከቀዘቀዘችላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በቀን 5 ኪሎ ግራም ያህል ያነሰ ወተት ሰጥተዋል። በቆላማ ከተሞች ዙሪያ የሆልስታይን ድቃይ ለሚያረቡ ሰዎች ይህ ቁጥር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የነጠፈች ላም ወተት ስለማትሰጥ ከጥላ ውጪ የምትታሰረው ብዙውን ጊዜ እርሷ ናትና።

ስለ አሳማ የሚነገረው አጭር ቢሆንም አሳሳቢ ነው። በእርግዝናቸው ከማያውቋቸው አሳማዎች ጋር ተቀላቅለው የተጣሉ እናቶች የወለዷቸው ሴቶች፣ ራሳቸው እናት በሆኑ ጊዜ፣ ለልጆቻቸው ያሳዩት ጠባይ የተረበሸ ነበር፤ ጭንቀቱ ሦስተኛ ትውልድ ደረሰ ማለት ነው። ዶሮ ባታረግዝም ከዚህ ነጻ አይደለችም። በኖርዌይ ኮርቲኮስቴሮን ከተጨመረባቸው እንቁላሎች የተፈለፈሉ ጫጩቶች ሰውን አብዝተው ፈርተዋል።

ፍርሃት ለጥቅም ሲሆን

እስካሁን የተነገረው ጭንቀትን ሁሉ ጉዳት ያስመስለዋል። ከበረት ውጪ ግን ሌላ ሥዕል ይታያል። ደንባራነት በግርግም የታሰረን ጥጃ ይጎዳዋል፤ አውሬ በሞላበት ሜዳ ግን ቶሎ የሚደነግጥ ልጅ ከማይደነግጠው የተሻለ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ለዚህ በሚገባ የተጠና ምሳሌ የሚገኘው በነፍሳት ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት እንቁላል የያዙ ክሪኬት የተባሉ ፌንጣ መሰል ነፍሳት ከተኩላ ሸረሪት ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። ሸረሪቷ እንዳትነክሳቸው መንከሻዋ በሰም ተሸፍኗል። ክሪኬት እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ልጆቿን አትጠብቅም፣ አታስተምርም፤ ሆኖም ሸረሪት ካዩ እናቶች የተገኙት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ መደበቂያ ፈለጉ፣ የሸረሪት ምልክት ሲያገኙ ደርቀው ቆሙ፣ ከእውነተኛ ሸረሪት ጋር ሲገናኙም በብዛት ተረፉ። ማስጠንቀቂያው የተላለፈው በእንቁላሉ በኩል ብቻ ነው።

በካናዳ ዩኮን ግዛት የሚኖሩ ቀይ የዛፍ ሽኮኮዎችም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። ተመራማሪዎች በጫካው ውስጥ የሌሎች ሽኮኮዎችን የግዛት ጩኸት በድምፅ ማጉያ በማሰማት አካባቢው የተጨናነቀ አስመሰሉት። የእናቶቹ የጭንቀት ሆርሞን ጨመረ፤ ልጆቻቸውም ተጨማሪ ምግብ ሳይኖር በፍጥነት አደጉ። በኦቾሎኒ ቅቤ ውስጥ ኮርቲሶል የተሰጣቸው እርጉዝ እናቶችም እንዲሁ ፈጣን ዕድገት ያላቸውን ወለዱ። ሽኮኮዎች በሚበዙበት ዓመት በፍጥነት ያደገ ልጅ ነው ግዛት አግኝቶ በረዶውን የሚሻገረው።

በዚያው በዩኮን የሚገኙት፣ በበረዶ ወቅት ፀጉራቸው የሚነጣው የዱር ጥንቸሎች ግን ለዚህ አስተያየት ወሰን ያበጁለታል። ቁጥራቸው ከ8 እስከ 11 ዓመት በሚፈጅ ዑደት ይበዛና ያንሳል። ሊንክስ የተባለው የዱር ድመትና ሌሎች አዳኞቻቸው ካለቁ በኋላ እንኳ ጥንቸሎቹ ለዓመታት ሳይበዙ ይቆያሉ፤ መኖ አለ፣ አዳኝ የለም፣ ግን አይራቡም። ተመራማሪዎቹ ያረገዙ ጥንቸሎችን በመጨረሻዎቹ 15 ቀናት፣ በየሁለት ቀኑ ለጥቂት ደቂቃ፣ የሠለጠነ ውሻ እንዲያዩ ሲያደርጉ ኮርቲሶላቸው ጨመረ፣ የወለዷቸውም ልጆች ትናንሽና ቀላል ሆኑ። በሜዳ በተደረገው ክትትልም ኮርቲሶላቸው ከፍ ካሉ እናቶች የተወለዱት ሴቶች ራሳቸው ከፍ ያለ ኮርቲሶል ይዘው አድገዋል። የአዳኞቹ ፍርሃት ከአዳኞቹ በኋላ በልጆቹ ደም ውስጥ ቀረ የሚለው ማብራሪያ ከቀረቡት ሁሉ አሳማኝ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከእናት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው ዓለሙ እናቲቱ እንደፈራችው ሆኖ ሲጠብቅ ነው። የቤት እንስሳ ከአርቢው ምግብና ጥበቃ እያገኘ የሚኖር እንደመሆኑ ማስጠንቀቂያው ለእርሱ በአብዛኛው የተሳሳተ ይሆናል።

በእንስሳት አያያዝ ላይ ያለው አንድምታ

ለመራቢያ የሚሆኑ እንስሳት ሲመረጡ ጠባይን መመልከት ተገቢ አሠራር ነው፤ ነገር ግን የአንድ ጊደር ጠባይ ብቻውን ስለ ዘሯ አያስረዳም። እናቷ ከሌላ ዓመት የወለደቻቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከአንድ ላምና ከአንድ ኮርማ በጥሩ ዓመት የተወለደው ረጋ ያለ፣ በድርቅ ዓመት ወይም ላሟ ከገበያ ወደ ገበያ በተነዳችበት ወቅት የተወለደው ደንባራ ከሆነ ጥፋቱን በዘር ማሳበብ ያዳግታል። ለዚህም የጥቂት ዓመታት መዝገብ፣ ቢያንስ ላሟ የተጠቃችበትንና የወለደችበትን ወር፣ የተገዛች ከሆነም በስንተኛ የእርግዝና ወሯ እንደመጣች የያዘ ማስታወሻ ይጠቅማል።

የጽንሱ ክብደት አብዛኛው የሚጨምረው በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስተኛ ክፍል ነው። ላም ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን፣ በግና ፍየል አምስት ወር ገደማ ያረግዛሉ። በጥቅምት የተጠቃች ላም በሐምሌ ስትወልድ የመጨረሻዎቹ ወራት የበጋውን መጨረሻ ይነካሉ፤ ድርቆሽ ተቀምጦላት፣ ጥቂት ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ተጨምሮላት ብትደርስ ወጪው ለጥጃዋም ለእንገሯም ነው። መኖው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባው ለመውለድ የተቃረቡት ናቸው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ቅድሚያ የሚያገኙት የሚታለቡትና የሚያርሱት ናቸው።

አያያዝን በተመለከተ ከጥናቶቹ የሚወጣው ትምህርት እንስሳን የሚያደክማት ዱላው ብቻ አለመሆኑ ነው። የቶምፕሰን አይጦች አልተመቱም፤ የሚመጣውን አለማወቃቸውና ማምለጫ ማጣታቸው በቃቸው። ያረገዘች ላም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በለመደችው ሰው እጅ፣ በለመደችው መንገድ ብትወጣና ብትገባ ይህ በራሱ ጥበቃ ነው። ክትባትና ሕክምና ማስቀረት አይቻልም፤ በጩኸትና በውሻ ሳይሆን በጸጥታ፣ ከሌሎች የመንጋው ላሞች ጋር አድርጎ ማከናወን ግን ይቻላል። አዲስ የተገዛች፣ ቀንዳምና ተዋጊ እንስሳ ከእርጉዞች ጋር ወዲያው መደባለቅ የለባትም። ያረገዘች ላም በአውድማ ለማበራየት፣ ያረገዘች አህያም ሸክም ለማመላለስ መሰማራታቸው በገጠር የተለመደ ቢሆንም በመጨረሻዎቹ ወራት ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ስለ ጉዞ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የየብስ እንስሳት ኮድ በእርግዝናቸው የመጨረሻ አሥረኛ ክፍል ላይ የሚገኙ እንስሳትን ለጉዞ ብቁ አይደሉም ይላል፤ ለላም አራት ሳምንት፣ ለበግ ሁለት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። ደንቡ የተደነገገው በመንገድ ላይ መውለድንና መጨንገፍን ለመከላከል እንጂ ስለ ጥጃው የወደፊት ጠባይ ታስቦ አይደለም፤ የቴክሳሱ ጥናት እንደሚያሳየውም በእርግዝናው አጋማሽ የሚደረግ ጉዞ በጥጃው ላይ ምልክት ይተዋል። የምትሸጥ ላም ብትኖር ከማርገዟ በፊት ወይም ከወለደች በኋላ ብትሸጥ ይመረጣል። ይህ ካልተቻለ በእግር የምትነዳው ጠዋትና ማታ፣ ውኃ ባለበት መንገድ፣ ከለመደቻት ሌላ ላም ጋር ቢሆን የጉዞው ጫና ይቀልላል።

እናቲቱ ክፉ ዓመት አሳልፋ ከወለደች ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ሳምንታት የማካካሻ ጊዜ ናቸው። እናትና ልጅ ጸጥ ባለ ስፍራ ሳይነኩ፣ ልሳ እስክትጨርስ፣ እንዲቆዩ ማድረግ፤ የተዳከመች እናት ሳትላሰው የቀረችውን ግልገል አድርቆ ወደ ጡቷ ማቅረብ፤ ካልጠባም እንገሯን አልቦ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ማጠጣት ያስፈልጋል። ጥጃውን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ አንገቱንና ጀርባውን እየዳበሱ ማላመድ፣ ደንባራ ሆኖ ከታየም ከተረጋጉ እኩዮቹ ጋር ማሰር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መቆጣጠሪያ አጥሩ ሲገባ ያለ መርፌና ያለ ገመድ አሳልፎ መልቀቅ በባለሙያዎች የሚመከሩ ቀላል ተግባራት ናቸው።